ቤቴን ሊገምቱ የመጡ ሁለት ሰዎች

ይህን የምጽፈው ቤት ያላችሁ፣ ይልቁንም ባል ሞቶባችሁ ከልጅና ከቤት ጋር የቀራችሁ ሴቶች እንድታነቡት ነው። ብዙ የተማርኩ አይደለሁም። አባቴ ቡልጋ ሳለን የኔታ ዘንድ ሰዶኝ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ዳዊት ልጀምር ስል ተዳርኩ። ስለዚህ ቃሉ ቢሻክርባችሁ ነገሩን ያዙልኝ።

ያን ጊዜ አሰላ እንዲህ አልሰፋችም ነበር። ቤታችን ከገበያው በላይ ነበር፤ ቆርቆሮ የለበሰ ትልቅ የጭቃ ቤት፣ ከኋላው ተቀጥላ ክፍል ያለው። የፊቱን ቤት ባሌ በቀለና ታላቅ ወንድሙ ደምሴ በአንድነት የሠሩት ነው። የኋላውን ክፍል በቀለ ልጆች ሲበዙብን ብቻውን ቀጠለው። ደምሴ ሳጉሬ ወርዶ የእህል ንግድ ጀመረ፣ እኛ እዚያው ቀረን። ከዚያ በቀለ በደረት ሕመም ሞተ። ሦስት ሴት ልጆች ነበሩኝ፤ ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ትንሿ ጡት ከጣለች ዓመት ያልሞላት።

የሙት ዓመቱ እንግዳ ተሸኝቶ ሳያበቃ ደምሴ ግማሹ ቤት የእኔ ነው ብሎ ከሰሰኝ። ግማሹ የእሱ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከቤቱ ብወጣ ሦስት ሴት ልጆች ይዤ የምገባበት አልነበረኝም። ወላጆቼ ሞተዋል፤ ቡልጋ የቀረኝ ቢኖር የአባቴ መቃብር ነው።

ክሱ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ደምሴ የላከው መሰለኝ። ጎረቤቴ እሳት ልትጭር ስትመጣ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። የቦታውን ወረቀት ከሳጥኑ አውጥቼ ዱቄት እንስራ ውስጥ ከተትኩት፣ ከዱቄቱ አውጥቼ ፍራሹ ውስጥ ሰፋሁት። ትልቋ ልጄ “እማዬ፣ ማንን ነው የምትፈሪው?” ስትለኝ እሷንም “ማን ጠይቂ አለሽ?” አልኳት። እንዲህ ሆኜ ነበር።

ዳኛው በክርክሩ ማብቂያ ቤቱ ይገመት አሉ። ገማቹ ሁለታችንም የተስማማንበት፣ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ይሁን፤ በመጪው ሐሙስ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ባለበት ቤቱን አይቶ ዋጋውን ይጥራ፤ ከዚያ ቤቱን የሚያስቀረው ወገን ለሌላው ግማሹን ይክፈል። ትእዛዙን ጸሐፊው አንብቦልናል፤ ግልባጩም ተሰጥቶኛል። እኔ ግን የሰማሁት “ቤቱን የሚያስቀረው ግማሹን ይክፈል” የሚለውን ብቻ ነበር። የሚያስቀረው እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ፤ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኛ። እንግዲያውስ፣ አልኩ በልቤ፣ ግምቱ ባነሰ ቁጥር ለደምሴ የምከፍለው ያንሳል። ግምቱን ዝቅ የሚያደርግልኝ ሰው ማግኘት አለብኝ።

ሰኞ በገበያው በኩል ሳልፍ ደምሴን ሻይ ቤት በር ላይ አየሁት። አጠገቡ የተቀመጡት ኦቦ ቃሲም ነበሩ። ኦቦ ቃሲም እዚያው አሰላ ተወልደው ያደጉ ቤት ሠሪ ናቸው፤ የከተማው ግማሽ ቤት በእጃቸው የቆመ ነው፣ ለፍርድ ቤትም ይገምታሉ ይባላል። ደምሴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ያወራል፣ እሳቸው ብርጭቋቸውን ያያሉ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለፍኩ። በቃ፣ ተገዝቷል አልኩ።

ያም ሆኖ ማክሰኞ ሄድኩባቸው። የሚሉትን ልስማ፣ ፊታቸውንም ልየው ብዬ ነው። አንድ ቤት እያቆሙ ነበር፤ ማገር እየመቱ፣ አፋቸው ውስጥ ሚስማር ይዘው።

“አከም ጅርታ፣ የበቀለ ሚስት” አሉኝ ሚስማሩን አውጥተው።

“ደኅና ነኝ ኦቦ ቃሲም። ቤት ይገምታሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።”

“እገምታለሁ።”

“እንግዲያው የእኔን ነገር ላጫውትዎት። ሐሳቤ…”

“ተዪ” አሉ። “ሐሳብሽን አትንገሪኝ። እኔ የማየው ቤቱን ነው።”

“ሐሳቤን ሳይሰሙ እንዴት ለእኔ ይሠራሉ?”

“ለአንቺ አልሠራም። ለእሱም አልሠራም። ግምት ነው የምሠራው።”

“ዝቅ ቢያደርጉልኝ ለሦስት የሙት ልጆች ነው” አልኳቸው ደፍሬ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አንድ ሚስማር መቱ። “እሺ፣ ፈቃድዎን ያሳዩኝ” አልኩ።

“ፈቃዱ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ነው። ምዬ ጣቴን ያሳረፍኩበትም እዚያ አለ። ሂጂና እይ። እኔ ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ባሳይሽ ምን ታውቂያለሽ?”

አላዋቂነቴን የሰደቡኝ መሰለኝ። “ለጋሼ ደምሴስ ትናንት ሻይ ቤት ምን አሳዩት?”

መዶሻቸውን አስቀመጡ። “ሻይ ጠጣሁ። የራሴን ከፈልኩ። ሌላው ላንቺ የሚነገር አይደለም” አሉና ወደ ማገራቸው ተመለሱ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል? ወረቀት የለው፣ ሐሳቤን አይሰማ፣ ከባላንጣዬ ጋር ያወራውን ይደብቃል። ስሄድ ሠራተኞቻቸው እንዲሰሙ አድርጌ “ሆዱ ከደምሴ ጋር ነው” አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ካኪ የለበሰ፣ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው። መሐንዲስ ግዛው እባላለሁ አለ፣ ከአዲስ አበባ። ለሥራ መጥቶ የእኔን ነገር በከተማው ሰምቶ አዝኖ ነው።

“እናቴ፣ ባልቴት ስትገፋ ማየት አልችልም” አለኝ።

እሱንም ልጠረጥረው ነበር። ግን እጁን ደረት ኪሱ ከትቶ በመሐረብ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ዘረጋልኝ። ከታች ክብ ማኅተም፣ ሐምራዊ፣ የአንበሳው ጎፈር ሳይቀር ጥርት ብሎ የሚታይ። ከበርጩማዬ ተነሣሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ነበርን፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲዘረጋ ተቀምጦ ማየት ነውር ነበር። ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሴቷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደግሞ ማን ያነባል? ገና የመጀመሪያውን መስመር ስፈልግ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

“እንዴት ይሁንልዎት? ከፍ ነው ዝቅ?” አለኝ።

“ዝቅ” አልኩት በለሆሳስ።

ከቦርሳው የብረት ሜትር አወጣ፤ ሲለቀው ቀጭ ብሎ ወደ ሰገባው የሚገባ ዓይነት። ያ ድምፅ ራሱ ዕውቀት መሰለኝ። ቤቱን በውጭ ዞሮ ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ውስጥ አልገባም።

“እንጨቱ ምንድን ነው?”

“የፊቱ ቤት ጥድ ነው። በቀለና ወንድሙ ከጭላሎ ጫካ በበሬ ጎትተው ያመጡት።”

“ጥድ ካልኩማ ይወደዳል። ባሕር ዛፍ ልበለው?”

በቀለ ያን እንጨት ሲያወርድ ትከሻው ተልጦ ስንት ሳምንት በቅቤ ያሸሁት እኔ ነበርኩ። “በሉ” አልኩ። “ባሕር ዛፍ ይበሉት።”

ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ቀርበን የገማች ስም ስጡ ተባልን። እኔ መሐንዲስ ግዛውን ስል ደምሴ ይጮኻል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ደምሴ ግን ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ “እኔም እሳቸው ይሁኑ ብያለሁ” አለ። ጸሐፊው ፈቃዱን መልእክተኛው ነገ ቦታው ላይ ያየዋል ብሎ ጻፈ። ስወጣ ዞሬ አየሁት። ደምሴ እንዲህ በቀላሉ እሺ የሚል ሰው አይደለም። ግን የቀናኝ እኔ ነኝ፣ ሞኝቶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ለሐሙስ የቦታ ግብር የከፈልኩበት ማረጋገጫ አምጪ ተብዬ ነበር። ወረፋዬ ሲደርስ ከድር የሚባለው ወጣት ጸሐፊ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ልይ ብሎ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ተቀበለኝ። ሲያነብ ቅንድቡ ከፍ አለ።

“እትዬ የሺ፣ ይህን ያውቁታል? ‘ከሳሽ በግምቱ ልክ ቤቱን ለማስቀረት የመጀመሪያ ምርጫ ይኖረዋል’ ይላል።”

“ምን ማለት ነው?”

“ገማቹ ዋጋውን ሲጠራ በመጀመሪያ የሚጠየቁት ጋሼ ደምሴ ናቸው። እወስዳለሁ ካሉ ግማሹን ለእርስዎ ሰጥተው ቤቱን ይወስዳሉ። እርስዎ ይለቃሉ።”

“ዋጋው ዝቅ ቢልስ?”

“ዝቅ ቢልማ ለእሳቸው ሠርግ ነው።”

ጠረጴዛውን ያዝኩ። ባሕር ዛፍ ይበሉት ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ልጆቼን ከቤት ለማስወጣት ከደምሴ ይልቅ የተጋሁት እኔ ነበርኩ።

“ገማቹ ማን ነው?” አለኝ ከድር።

“መሐንዲስ ግዛው። ከአዲስ አበባ።”

ወፍራም መዝገብ ስቦ ገለጠ። “እንዲህ የሚባል የለም።”

ያኔም እንኳ ልቤ አልታዘዘም። “አንተንስ ማን ልኮህ ነው?” አልኩት።

ሳቀብኝ። “እትዬ፣ ወረፋ ጠብቀው የመጡብኝ እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ አልመጣሁብዎት።” መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። “ያንብቡት። ማንበብ ይችላሉ?”

“የቆጠርኩትን ፊደል አልረሳሁም” አልኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ቤት እንዲገምቱ የተፈቀደላቸው አራት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ቃሲም ነበር፤ የማሉበት ቀን፣ ምስክሮቻቸው፣ የጣታቸው ምልክት። ግዛው የለም። ደግሜ ለቀምኩ። የለም። ከኋላዬ ያለው ወረፋ አጉረመረመ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ሐሙስ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ መጡ። ደምሴ በበቅሎ፣ ግዛው በካኪው፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ አቶ ዘውዴም። ደጅ ላይ አግዳሚና በርጩማ አወጣሁላቸው። ግዛው ገና ሜትሩን ሲያወጣ “ቆይ” አልኩ። “አቶ ዘውዴ፣ ይህ ሰው ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ የለም።”

“ምን ትላለች ይቺ?” አለ ደምሴ። “ትናንት አንቺው አይደለሽም የጠራሽው? በቀለ ሲሞት ምላሱን አወረሰሽ እንዴ?”

“የበቀለማ ምላስ ቢኖረኝ ጋሼ፣ እስካሁን ዝም አልልዎትም ነበር።”

ግዛው ፈገግ ብሎ ደረት ኪሱ ገባ። መሐረቡ ተፈታ፣ ማኅተሙ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ አቶ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ደምሴ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ጉልበቴ ሊነሣ ሲል እጄን ጭኔ ላይ ጭኜ ያዝኩት።

“ተቀምጣችሁ አንብቡት” አልኩ።

“ነውር ነው” አለ አንደኛው ሽማግሌ።

“ነውሩ በእኔ ይሁን። ተቀምጠው ያንብቡት አቶ ዘውዴ። ጮክ ብለው።”

አቶ ዘውዴ እጃቸውን ዘረጉ። ግዛው ወረቀቱን ሊያጥፍ ቃጣ። እሳቸው ግን የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ተቀበሉት፣ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ የሚለው ባለጉዳዩ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኞች ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ ማገልገሉን ነው። ማኅተሙ የእውነት ነበር። ጽሑፉም የእውነት። ስለ ቤት ግን አንዲት ቃል የለበትም።

“መንገድም ቤትም መለካት ያው አንድ ነው” አለ ግዛው።

“መንገዱንም አልለካህም፤ ሰዓት ስትቆጥር ነበር” አሉት አቶ ዘውዴ። ግዛው ደምሴን አየው፣ ደምሴ በቅሎዋን አየ። በዚያች አስተያየት ማን እንደላከው ሁላችንም ገባን።

አቶ ዘውዴ ወይ ሁለታችሁም ከመዝገቡ አንድ ሰው ጥሩ፣ ወይ ነገሩን ለዳኛው ልመልሰውና የሆነውን ልንገራቸው አሉ። ደምሴ ሁለተኛውን አልወደደውም። “ቃሲም ይምጣ” አለ በግድ። እኔም ቃሲም ይምጡ አልኩ፤ ከማክሰኞው ንግግሬ በኋላ እንዴት ዓይናቸውን እንደማይ አላወቅሁም።

እኩለ ቀን ሲሆን መጡ። እኔን አላዩኝም፣ ደምሴንም አላዩትም። “ሁለታችሁም ትፈልጉኛላችሁ?” ብለው ብቻ ጠየቁና ከሁለታችንም አፍ እሺታ ተቀበሉ። ሜትራቸው ቋጠሮ ያለበት ገመድ ነበር። ከሁሉ አስቀድመው ግን ካራቸውን መዘዙ፣ ከምሰሶው ሥር ተንበርክከው ጭቃውን ፈቀፈቁ፣ እንጨቱን ላጥ አድርገው አሸተቱት።

“ጥድ” አሉ። “ልጆቻችሁ ሸምግለው ይህ ይቆማል።”

ደምሴ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ፈትሸው ወደ ኋላው ክፍል አለፉ። እዚያም ተንበረከኩ። ካራው ሲገባ ድምፅ አልነበረውም፤ ቂጣ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ሲያወጡት ነጭ ምስጥ ተከትሎት ወጣ።

አሁን ደምሴ ከብዶት እንዲተወው ዋጋው ከፍ እንዲል የምፈልግ እኔ ነበርኩ። ጠጋ ብዬ “የኋላውን እንኳ ዝም ይበሉት ኦቦ ቃሲም። በእግዜር ይሁንብዎት” አልኳቸው።

ቀና ብለው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። ግን ያዩት ከእኔ አልፎ ጥግ ያለውን መደብ ነበር፤ የትንሿ ልጄ ቀሚስ ላዩ ላይ ተጥሏል።

“እዚህ ማን ይተኛል?”

“ልጆቼ።”

“ሦስቱም?”

“ሦስቱም።”

ካራቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። “ዛሬ አውጪያቸው” አሉ። ከዚያ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ “የኋላው ባሕር ዛፍ ነው፣ ሥሩን ምስጥ በልቶታል፣ ዋጋ የለውም” ብለው አጻፉ።

የኋላው ቀርቶም የፊቱ ቤት ግምት ለደምሴ ከበደው። አቶ ዘውዴ ትወስዳለህ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁት። በመጨረሻ “ይቅርብኝ፣ ግማሹን ትክፈለኝ” አለ። ከጎበሳ ለመጣ አንድ ነጋዴ ከፊቱ ቤት አንዱን ክፍል ለሱቅ አከራይቼ፣ በኪራዩ በዳኛው ፊት በየጊዜው እየከፈልኩ ጨረስኩ። ዓመታት ወሰደብኝ። ቤቱ ግን ቀረልኝ።

የልጆቹን መኝታ ኦቦ ቃሲም በገመቱበት በዚያው ሐሙስ ከኋላው ክፍል አወጣሁ፤ አምኛቸው ሳይሆን ፈርቼ። ነሐሴ ገባ፤ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ከኋላ የበሬ ማጓራት የመሰለ ነገር ሰማሁ። በሩን ስከፍት ክፍሉ የለም። ቆርቆሮው መደቡ ላይ ተኝቷል፣ ግድግዳው በላዩ። ተመልሼ ልጆቼን ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔ በሕይወቴ ትጉ ጠርጣሪ ነበርኩ፤ ጎረቤቴን፣ ልጄን፣ ጸሐፊውን ጠርጥሬያለሁ። ያልጠረጠርኩት ማኅተሙንና የገዛ ምኞቴን ነው። ቤታችሁን የሚገምት ሰው ስትፈልጉ ኪሱ ውስጥ ያለው አያሳምናችሁ፤ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ፣ ማንበብ ባትችሉ የሚያነብ ይዛችሁ ሂዱ። ከፍ ይሁን ዝቅ ብሎ ከጠየቃችሁ ሜትሩን ሳያወጣ ሸኙት። ደግሞም ትእዛዝ ሲነበብ የምትወዱትን ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

ክፍሉ በወደቀ በማግስቱ ኦቦ ቃሲም ዘንድ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። ሠራተኞቻቸው ባሉበት ያልኩትን፣ ሠራተኞቻቸው ባሉበት ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

“ሻይ ቤቱን ግን ይንገሩኝ” አልኳቸው። “አሁን ነገሩ አልቋል። ጋሼ ደምሴ ያን ቀን ምን አለዎት?”

ሚስማር ካፋቸው አወጡ።

“በማግስቱ አንቺ ያልሽኝን” አሉ። “ዝቅ አድርግልኝ ነው ያለኝ። እሱም ስለ ልጆቹ ብሎ ለመነኝ።”